የዛቢክስ ዳታቤዝ፦ ከአዋቀሩ እስከ ባክአፑ፣ ደረጃ በደረጃ

ዛቢክስን፣ ማለትም ሰርቨሮችንና የኔትወርክ መሣሪያዎችን የሚከታተለውን ሶፍትዌር፣ የጫነ ሰው መጀመሪያ የሚደሰተው በግራፎቹ ነው። ሰርቨሩ፣ ስዊቹ፣ ራውተሩ፣ የኢንተርኔት መስመሩ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ይታያል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን ገጹ መንቀራፈፍ ይጀምራል። አንድ ግራፍ ለመክፈት ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ይመጣል። ከዚያ አንድ ሌሊት ዲስኩ ይሞላና ነገሩ ሁሉ ቀጥ ይላል። ያኔ ብዙ ሰው ዛቢክስን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ከስር ያለው ዳታቤዝ ነው። ሲጫን በነበረው ሴቲንግ ተትቷል፤ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ ያየው የለም።

እዚህ ዳታቤዙን ከዜሮ እናዋቅራለን፣ ባክአፕ እናደርገዋለን፣ ከባክአፑም መልሰን እናነሳዋለን። የምጠቀመው ኡቡንቱ 24.04፣ ፖስትግሬስ 16 (ዳታቤዙ እሱ ነው) እና ዛቢክስ 7.0 ነው። ይህ የዛቢክስ ስሪት በፈረንጆቹ 2024 የወጣ፣ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ነው። ማይኤስኪውኤል የሚባለውን ሌላ ዳታቤዝ የምትጠቀሙም ብትሆኑ አጠቃላይ አካሄዱ ይመሳሰላል፤ ትዕዛዞቹና ሴቲንጎቹ ግን ይለያሉ፤ ስለ ቫኩምና ስለ ታይምስኬል የምለውም ለፖስትግሬስ ብቻ ነው።

የትዕዛዝና የሴቲንግ ስሞችን በአፍ እንደምንጠራቸው ነው የጻፍኩት። ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አስገቧቸው። በፖስትግሬስ ሴቲንጎች ስም መሃል ክፍት ቦታ ካያችሁ፣ እዚያ ቦታ ላይ አንደርስኮር አለ።

## መጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ እንወቅ

የዛቢክስ ዳታቤዝ ውስጥ በጣም የሚለያዩ ሁለት ነገሮች አብረው ይኖራሉ። አንደኛው የእናንተ ልፋት ነው። ያስመዘገባችኋቸው ሆስቶች (ክትትል የሚደረግባቸው መሣሪያዎች)፣ ያስተካከላችኋቸው ቴምፕሌቶች (ዝግጁ የክትትል ቅጾች)፣ "ይህ ሲሆን አሳውቀኝ" ያላችሁባቸው ትሪገሮች፣ ተጠቃሚዎች፣ ካርታዎች፣ ዳሽቦርዶች። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከጠቅላላው መጠን ትንሿን ክፍል ነው የሚይዘው። ሁለተኛው ልኬት ነው። በየደቂቃው የሚገባው የሲፒዩ፣ የራም፣ የትራፊክ ቁጥር። ዲስኩን የሚበላው ይህኛው ነው።

ትንሹ ቢጠፋ የወራት ሥራ ይጠፋል። ትልቁ ቢጠፋ ያለፈው ወር ግራፍ ይጠፋል። ያበሳጫል፤ ቢሆንም ዛቢክስ ወዲያው አዲስ ቁጥር መሰብሰብ ይጀምራል። ሁለቱን እኩል ማየት ነው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። ትልቁ ባክአፑን ያከብደዋል፤ ባክአፑ ሲከብድ ይቆማል፤ ሲቆም ትንሹም አብሮ ይቀራል። ከዚህ በታች የምትሠሩትን ሁሉ ይህንን ልዩነት ይዛችሁ ሥሩት።

ልኬቱ ራሱ ሁለት መልክ አለው። ሂስትሪ የሚባሉት ሠንጠረዦች እያንዳንዱን ቁጥር እንደመጣ ይይዛሉ። ትሬንድስ የሚባሉት ደግሞ የአንድ ሰዓቱን ዝቅተኛ፣ አማካይ፣ ከፍተኛና ስንት ቁጥር እንደገባ ብቻ ያስቀምጣሉ። የዓመት ግራፍ ስትከፍቱ የሚታያችሁ ትሬንድስ ነው። ሂስትሪን ለአጭር ጊዜ፣ ትሬንድስን ለረጅም ጊዜ ማቆየት የሚቻለውም ለዚህ ነው።

## ደረጃ 1፦ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት አስሉ

ስሌቱ ቀላል ነው። 6,000 አይተም አላችሁ እንበል፤ አንድ አይተም ማለት አንድ የሚለካ ነገር ነው። እያንዳንዱ በ60 ሰከንድ አንዴ ይለካል። 6,000 ለ60 ሲካፈል በሰከንድ 100 ቁጥር ይመጣል። በቀን 8,640,000፣ በ30 ቀን 259,200,000 ረድፍ ማለት ነው። የዛቢክስ ሰነድ ለአንድ የሂስትሪ ቁጥር በግምት 90 ባይት ይይዛል። ስለዚህ የ30 ቀን ሂስትሪ ወደ 23 ጊጋባይት ይሆናል።

ትሬንድስ በሰዓት አንድ ረድፍ ብቻ ነው። 6,000 በ24፣ በ365 ሲባዛ 52,560,000 ረድፍ ይሆናል። በ90 ባይት ሲባዛ በዓመት 4.7 ጊጋባይት ገደማ። የአንድ ዓመት ትሬንድስ ከአንድ ሳምንት ሂስትሪ ያነሰ ቦታ ነው የሚወስደው።

ያገኛችሁትን ድምር ቢያንስ በሁለት አባዙት። ዳታቤዙ የሚሰረዙትን ረድፎች እስኪያጸዳ፣ የማሻሻያ ሥራ እስኪጨርስ፣ ድንገት አዲስ መሣሪያዎች ሲጨመሩ ቦታ ይፈልጋል። የባክአፕ ፋይሎችን ግን በዚህ ዲስክ ላይ አትቁጠሯቸው። ቦታቸው ሌላ ነው።

አንድ ምክር እዚህ ላይ። "ሁሉንም በየ10 ሰከንዱ እንለካ" የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ከላይ ያለውን የሂስትሪ ቁጥር ሁሉ በስድስት ያባዛዋል። የዲስክ መሙላት፣ የሶፍትዌር ስሪት፣ የሰርቨሩ ስም በየ10 ሰከንዱ አይቀየርም። ፈጥኖ መለካት ያለበትን ለዩና ሌላውን አርግቡት። ከዚህ በታች ከማሳያችሁ ማንኛውም ሴቲንግ የበለጠ ፍጥነት የሚሰጣችሁ ይህ ነው።

## ደረጃ 2፦ ዳታቤዙን መፍጠር

ፖስትግሬስን በአፕት ጫኑ። ከዚያ ፖስትግሬስ በሚባለው የሊኑክስ ተጠቃሚ ስም ሆናችሁ፣ በክሪየት ዩዘር ትዕዛዝ ዛቢክስ የሚባል የዳታቤዝ ተጠቃሚ ከነፓስወርዱ ፍጠሩ። ቀጥሎ በክሪየት ዲቢ ትዕዛዝ ዛቢክስ የሚባል ዳታቤዝ ፍጠሩና ባለቤቱን ያንኑ ተጠቃሚ አድርጉ። ፊደል አያያዙ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አረጋግጡ። በአማርኛ ማስጠንቀቂያ መጻፍ የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ወሳኝ ነው።

ሠንጠረዦቹን የሚፈጥረው ፋይል ከዛቢክስ የኤስኪውኤል ስክሪፕቶች ፓኬጅ ጋር ይመጣል። ሰርቨር የሚባለውን የታመቀ ፋይል በዜድ-ካት ከፍታችሁ ወደ ፒ-ኤስኪውኤል (ለፖስትግሬስ ትዕዛዝ የምንሰጥበት ፕሮግራም) አስገቡት። ይህን ስታደርጉ በዛቢክስ ተጠቃሚ ስም ሁኑ። በፖስትግሬስ ተጠቃሚ ስም ካስገባችሁት የሠንጠረዦቹ ባለቤት ሌላ ይሆንና ዛቢክስ "ፈቃድ የለህም" እየተባለ ይመለሳል።

ከዚያ የዛቢክስ ሰርቨር ኮንፊግ ፋይልን ክፈቱ። ዲቢ-ኔም፣ ዲቢ-ዩዘር፣ ዲቢ-ፓስወርድ የሚሉትን ሙሉ። ፋይሉ ውስጥ ፓስወርድ በግልጽ ስለሚቀመጥ፣ ከሩትና ከዛቢክስ ሌላ ማንም እንዳያነበው ፈቃዱን ዝጉ። ዳታቤዙ ሌላ ማሽን ላይ ከሆነ ማን መግባት እንደሚችል በሚወስነው በፖስትግሬስ የፒጂ-ኤችቢኤ ፋይል ላይ የዛቢክስን አይፒ አድራሻ ብቻ ፍቀዱ። ለመላው ኔትወርክ አትክፈቱ። የይለፍ ዘዴው ስክራም መሆኑን እዩ። የዌብ ገጹ ሲከፈት "አድሚን" ብሎ "ዛቢክስ" በሚል ፓስወርድ ነው የሚገባው፤ ይህን ያኔውኑ ቀይሩት።

## ደረጃ 3፦ ፖስትግሬስን ለሥራው ማዘጋጀት

ፖስትግሬስ ሲጫን በጣም ቁጥብ ነው። በትንሽ ማሽን ላይም እንዲነሳ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ሼርድ በፈርስ የሚባለው የራም ድርሻው 128 ሜጋባይት ብቻ ነው። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ሰርቨር ላይ ይህን እንዳለ መተው ማሽኑን ያለ ሥራ ማስቀመጥ ነው።

ዋናውን ኮንፊግ ፋይል አትነካኩ። ኡቡንቱ ላይ በጎኑ ኮንፍ-ዲ የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ የራሳችሁን ፋይል ፍጠሩና ለውጦቻችሁን ሁሉ እሱ ላይ ጻፉ። በኋላ ምን እንደነካችሁ በአንድ እይታ ታውቃላችሁ፤ ባክአፕ ለማድረግም ይቀላል።

ለ16 ጊጋባይት ራም፣ ለዳታቤዙ ብቻ ለተመደበ፣ ኤስኤስዲ ላለው ሰርቨር የምጀምርበት ይህ ነው፦

- ሼርድ በፈርስ፦ 4 ጊጋባይት። የራሙ ሩብ ጥሩ መነሻ ነው።
- ኢፌክቲቭ ካሽ ሳይዝ፦ 11 ጊጋባይት። ይህ ራም አይዝም። ሊኑክስ ምን ያህል ካሽ እንዳለው ለፖስትግሬስ የሚነግር ግምት ነው።
- ሜይንተናንስ ወርክ ሜም፦ 512 ሜጋባይት።
- ማክስ ዋል ሳይዝ፦ 4 ጊጋባይት። ዋል ፖስትግሬስ ለውጦችን ቀድሞ የሚመዘግብበት ፋይል ነው። ከነበረበት 1 ጊጋባይት ሲጨምር ዲስኩ ላይ የሚመጣው ድንገተኛ ጫና ይቀንሳል።
- ራንደም ፔጅ ኮስት፦ 1.1። ነባሩ 4 ለሚሽከረከር ዲስክ የተሰላ ነው።

ወርክ ሜምን ሲነኩ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህ ራም የሚሰጠው ለአንድ ግንኙነት አንድ ጊዜ ሳይሆን፣ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ የመደርደር ሥራ ነው። 256 ሜጋባይት ብላችሁ ብዙ ሰው ዳሽቦርድ ሲከፍት ራሙ ሊያልቅ ይችላል። 16 ሜጋባይት አድርጉት፤ ከዚያ አትጨምሩ።

አሁን ስለ መብራት። የተጻፈው በእርግጥ ዲስኩ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጥ ኤፍሲንክ የሚባል ሴቲንግ አለ። "ብታጠፉት ይፈጥናል" የሚል ምክር ታገኛላችሁ። እውነት ነው፣ ይፈጥናል። ነገር ግን መብራት ድንገት ሲሄድ ዳታቤዙ ሊበላሽና ከናካቴው አልነሳ ሊል ይችላል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር የምንሠራ ሰዎች ይህን ፈጽሞ አናጠፋም። ፍጥነት ከፈለጋችሁ ሲንክሮነስ ኮሚት የሚባለውን አጥፉ። እሱ ሲጠፋ መብራት ቢሄድ የመጨረሻዋን ከአንድ ሰከንድ በታች የሆነች ሥራ ልታጡ ትችላላችሁ፤ ዳታቤዙ ግን አይበላሽም። ለባንክ ሂሳብ አይሆንም። ለሲፒዩ ግራፍ ግን ምንም አይደል። ሁለቱ ሴቲንጎች በስም ስለሚቀራረቡ ሰው ያምታታቸዋል። ከማስቀመጣችሁ በፊት የጻፋችሁትን ደግማችሁ አንብቡ።

ሼርድ በፈርስ ስለተቀየረ ፖስትግሬስን ሪስታርት አድርጉ። ከዚያ ፒ-ኤስኪውኤል ውስጥ ገብታችሁ "ሾው" በሚለው ትዕዛዝ አዲሱ ቁጥር መያዙን እዩ። ጻፍኩት ማለትና ያዘ ማለት የተለያዩ ናቸው።

በዛቢክስ በኩል ደግሞ ሰርቨር ኮንፊጉ ውስጥ የካሽ መጠኖች አሉ። ካሽ ሳይዝ፣ ሂስትሪ ካሽ ሳይዝ፣ ቫልዩ ካሽ ሳይዝ። ለምሳሌያችን መጠን ካሽ ሳይዝን 128፣ ሂስትሪ ካሽን 64፣ ቫልዩ ካሽን 128 ሜጋባይት አድርጉ። ዛቢክስ ራሱን የሚከታተልበት ቴምፕሌት ላይ የእያንዳንዱ ካሽ የተያዘ ቦታ በፐርሰንት ይታያል። የሂስትሪ ካሽ የተያዘ ቦታ እየጨመረ ከሄደ ዳታቤዙ መጻፍ እያቃተው ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ካሹን ያሰፋል። ያ ጊዜ ይገዛል እንጂ አይፈታም። ማየት ያለባችሁ ዲስኩን ነው።

## ደረጃ 4፦ አሮጌ ልኬት በጊዜው እንዲወጣ

ዛቢክስ ጊዜው ያለፈበትን ቁጥር የሚያጸዳ ሃውስኪፐር የሚባል ሠራተኛ አለው። በአስተዳደር ገጹ የሃውስኪፒንግ ክፍል ውስጥ የእያንዳንዱን አይተም የማቆያ ጊዜ የሚሽር ምርጫ አለ። አብሩትና ሂስትሪን 30 ቀን፣ ትሬንድስን 365 ቀን አድርጉት። አለበለዚያ ቴምፕሌቱን የሠራው ሰው በወደደው ቁጥር ትመራላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያውቀው የማይመስለኝ ነገር አለ። ፖስትግሬስ ረድፍ ሲሰረዝ ቦታውን ወዲያው አይለቅም። ረድፉ የሞተ ተብሎ ይቆያል። በኋላ አውቶቫኩም የሚባለው ሥራ መጥቶ ቦታውን ለአዲስ ረድፍ ያዘጋጃል። አውቶቫኩም የሚነሳው ከሠንጠረዡ 20 በመቶው ያህል ሲሞት ነው። ለትንሽ ሠንጠረዥ ጥሩ ነው። 259 ሚሊዮን ረድፍ ላለው ግን 20 በመቶ ማለት 52 ሚሊዮን ነው። በቀን 8.6 ሚሊዮን እየተሰረዘ ስድስት ቀን ይጠራቀማል። ሲነሳም ረጅም ሰዓት ይሠራል፤ ገጹም ይንቀራፈፋል።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ለሂስትሪና ለትሬንድስ ሠንጠረዦች ብቻ፣ በኦልተር ቴብል ትዕዛዝ፣ አውቶቫኩም ቫኩም ስኬል ፋክተር የሚለውን 0.02 አድርጉት። ያኔ በየቀኑ ገደማ ትንሽ ትንሽ ያጸዳል። ቤት በየቀኑ ሲጠረግ እንደሚቀለው ነው።

ሌላው የሚያስደነግጠው ነገር፣ የማቆያ ጊዜውን ከ90 ወደ 30 ቀን ቀንሳችሁ ዲስኩ ላይ ምንም ለውጥ አለማየታችሁ ነው። ስህተት አልሠራችሁም። የተለቀቀው ቦታ በሠንጠረዡ ውስጥ ለአዲስ ቁጥር ይውላል እንጂ ለሊኑክስ አይመለስም። ቫኩም ፉል የሚባለው ይመልሰዋል። እሱ ግን እስኪጨርስ ሠንጠረዡን ይቆልፋል፤ ሙሉ ቅጂ የሚጽፍበት ተጨማሪ ቦታም ይፈልጋል። ዲስኩ ሞልቶ እያለ ልትሠሩት አትችሉም ማለት ነው።

በሰከንድ ወደ ሺህ የሚጠጋ ቁጥር የሚገባላችሁ ከሆነ ግን ረድፍ በረድፍ መሰረዝ አያዋጣም። ያኔ ታይምስኬል ዲቢ የሚባለውን የፖስትግሬስ ቅጥያ ተጠቀሙ። ሂስትሪን በየቀኑ ቁራጭ ከፍሎ ያስቀምጣል። አሮጌው ቀን ሲወጣ ቁራጩ በአንዴ ይነሳል፤ መሰረዝም ቫኩምም የለም። የቆየውንም ያምቃል። ዛቢክስ ወደዚህ የሚያሸጋግር ስክሪፕት አለው፤ ስክሪፕቱ ሲሠራ የዛቢክስ ሰርቨር መቆም አለበት። ከዜሮ ስትጀምሩ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሞላ ዳታቤዝ ላይ ግን ረጅም ሰዓት ይወስዳል። ትልቅ እንደምትሆኑ ካወቃችሁ ቀድማችሁ ግቡበት።

## ደረጃ 5፦ ባክአፕ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የገጠመኝን ልንገራችሁ። በምሠራበት ቦታ የዛቢክሱ ባክአፕ በየሌሊቱ ይነሳ ነበር። ፎልደሩ ውስጥ በየቀኑ አንድ ፋይል ይጨመራል። ቀኑ በስሙ ላይ አለ። ሁሉም ደህና ይመስላል። አንድ ቀን አንዲት ባልደረባችን በስህተት የጠፋ ቴምፕሌት ለመመለስ ስትገባ ዝርዝሩን ከነመጠኑ አወጣችው። በመጠኑ ዓምድ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ነበር። 20። 20 ሜጋባይት አይደለም። 20 ባይት ነው። ባዶ ነገር በጂዚፕ ሲታመቅ የሚወጣው መጠን ያ ነው። የዳታቤዙ ፓስወርድ ከተቀየረ ጀምሮ ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚያወጣው ፒጂ-ደምፕ በየሌሊቱ ወድቋል፤ ጂዚፕ ግን ባዶውን እያመቀ "ተሳክቷል" ብሏል። ስክሪፕቱ የሚሰማው የመጨረሻውን ትዕዛዝ ብቻ ነበር።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በፈረንጆቹ ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው ኩባንያ የዋና ዳታቤዙ ፎልደር በስህተት ተሰርዞበት ነበር። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ባዶ ሆኖ አገኙት። ዳታቤዛቸው ፖስትግሬስ 9.6 ሆኖ ሳለ ባክአፑን ያነሳ የነበረው የ9.2 ፒጂ-ደምፕ ነበር፤ ስለዚህ ይወድቅ ነበር። መውደቁን የሚናገሩት ኢሜይሎችም በተቀባዩ ሰርቨር ውድቅ ይደረጉ ነበር። በመጨረሻ የተነሱት ስድስት ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ በእጅ ከተወሰደ የዲስክ ቅጂ ነው። ኩባንያው ሁሉንም በግልጽ ስለጻፈው እኛም ተምረንበታል።

ወደ ሥራው እንሂድ። ሁለት ባክአፕ እንሠራለን፤ ለትንሹ አንድ፣ ለትልቁ አንድ።

የማዋቀሪያው ባክአፕ፣ በየሌሊቱ። ፒጂ-ደምፕን በከስተም ፎርማት ተጠቀሙ። ይህ ፎርማት ራሱ ስለሚያምቅ ጂዚፕ አያስፈልግም፤ ከላይ ያየነው ወጥመድም አብሮ ይቀራል። ከዚያ ኤክስክሉድ ቴብል ዳታ የሚለውን አማራጭ ሁለት ጊዜ ጨምሩ፤ አንዱ በሂስትሪ ለሚጀምሩ፣ ሌላው በትሬንድስ ለሚጀምሩ ሠንጠረዦች። ሠንጠረዦቹ ባዶ ሆነው ይቀመጣሉ፣ ቁጥሮቹ አይገቡም። በኛ ምሳሌ ከ30 ጊጋባይት ወደ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። በኢሜይል የሚላክ አይደለም፣ በፍላሽ ግን ይያዛል።

ኢቨንትስ የሚባለውንም ልተው የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል፤ እሱም ትልቅ ነውና። አትተዉት። ሌሎች ሠንጠረዦች በቁልፍ ከሱ ጋር የተያያዙ ናቸው። ስትመልሱት ስህተት በስህተት ይሆናል። ሂስትሪና ትሬንድስ ግን ከማንም ጋር እንዲህ አልተያያዙም።

ፒጂ-ደምፕ የዳታቤዝ ተጠቃሚዎችን አያወጣም። እነሱን በፒጂ-ደምፕ-ኦል፣ ግሎባልስ ኦንሊ በሚለው አማራጭ ለብቻ አውጡ። ጥቂት መስመር ነው። ሲጠፋ ግን ሪስቶሩ "ተጠቃሚው የለም" በሚል ስህተት ይሞላል።

የሙሉው ባክአፕ፣ በሳምንት አንዴ። ለትልቁ ፒጂ-ቤዝባክአፕ ይሻላል። ረድፍ እያነበበ አያወጣም፤ የዳታቤዙን ፋይሎች እንዳሉ ይገለብጣል። ዛቢክስን ማቆም አያስፈልግም። የዋል ፋይሎችን አብሮ እንዲወስድ ስትሪም የሚለውን ምረጡ፤ አለበለዚያ ቅጂው ላይነሳ ይችላል። ሲመለስም ያው የፖስትግሬስ ዋና ስሪት ያስፈልገዋል። 16 ላይ የተነሳ 16 ላይ ነው የሚነሳው።

በሁለት ሳምንታዊ ባክአፖች መሃል ያለውንም ማዳን የምትፈልጉ የዋል ፋይሎችን በተከታታይ ወደ ሌላ ማሽን መላክ ትችላላችሁ። ያኔ ዳታቤዙን ወደፈለጋችሁት ደቂቃ መመለስ ይቻላል። አንድ አደጋ ግን አለው። መቀበያው ማሽን ከወደቀ ፖስትግሬስ ያልተላኩትን ፋይሎች እየያዘ ይቆያል። ዲስኩ ሲሞላ ዳታቤዙ ይቆማል። የዋል ፎልደሩን መጠን የሚከታተል ትሪገር ሳታደርጉ ይህን አትጀምሩ።

ታይምስኬል የምትጠቀሙ ልብ በሉ። የሂስትሪው ቁጥር በስሙ ሠንጠረዥ ውስጥ አይደለም ያለው፤ ታይምስኬል በራሱ ውስጣዊ ክፍል ባስቀመጣቸው ቁራጮች ውስጥ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው የማስቀረት ዘዴ አይሠራላችሁም። ፒጂ-ቤዝባክአፕን ዋና አድርጉት፤ በየሌሊቱም አንሱት። ከዚያ በተጨማሪ ሆስቶችንና ቴምፕሌቶችን በዛቢክስ ኤፒአይ (ስክሪፕት ከዛቢክስ ጋር የሚነጋገርበት በር) ወደ ፋይል እያወጣችሁ አስቀምጡ።

ከዳታቤዙ ውጭ ያለው። ይህ ይረሳል። በኢቲሲ ስር ያለው የዛቢክስ ፎልደር ከነዌብ ኮንፊጉ፣ የማስጠንቀቂያና የውጭ ስክሪፕቶች ፎልደሮች፣ የኢንክሪፕሽን ቁልፍ ፋይሎች፣ የፖስትግሬስ ኮንፍ-ዲ ፋይላችሁና የፒጂ-ኤችቢኤ ፋይል። በታር ጠቅልላችሁ ከዳታቤዙ ባክአፕ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ።

## ደረጃ 6፦ ስክሪፕቱና ሰዓቱ

ስክሪፕቱን በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉት። መጀመሪያ ላይ ስህተት ሲመጣ እንዲቆም አድርጉ፤ ከተያያዙ ትዕዛዞች አንዱ ቢወድቅ ሁሉም እንደወደቀ የሚቆጥረውን ፓይፕፌይል የሚለውንም አብሩ። ባክአፑን በጊዜያዊ ስም ጻፉ። ከዚያ ባክአፕ የሚመልሰውን ፒጂ-ሪስቶርን ሊስት በሚለው አማራጭ አሂዱበት፤ የይዘት ዝርዝሩን ማንበብ ካልቻለ ፋይሉ የማይረባ ነው። አንብቦ ካለፈ ብቻ ትክክለኛ ስሙን ስጡት። ቀጥሎ ፋይል በሚመሰጥረው በጂፒጂ ቆልፉትና ወደ ሌላ ማሽን ላኩት። አሮጌዎቹን መሰረዝ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ አዲሱ መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ አዲሱ እየወደቀ አሮጌው በየቀኑ ይሰረዛል። በሁለት ሳምንት ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ።

መቆለፉን አትዝለሉት። ፋይሉ ውስጥ የኔትወርካችሁ ሙሉ ካርታ፣ የኤስኤንኤምፒ (ዛቢክስ መሣሪያዎችን የሚጠይቅበት ዘዴ) የይለፍ ቃላትና በማክሮ (ስም ተሰጥቶት በሚቀመጥ ዋጋ) ያስቀመጣችኋቸው ፓስወርዶች አሉ። ገጹ ላይ በኮከብ የተሸፈነ ማክሮ ዳታቤዙ ውስጥ በግልጽ ነው የተጻፈው። የጂፒጂው ቁልፍ ደግሞ እዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ ከሆነ ሰርቨሩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ሌላ ቦታም አኑሩት።

የት የት ይቀመጥ ለሚለው የ3-2-1 ደንብ ይበቃል። ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንጻው ውጭ። መስመሩ ቀጭን ከሆነ ትንሹን ባክአፕ በየሌሊቱ በኢንተርኔት ላኩ። ትልቁን በሳምንት አንዴ በውጫዊ ሀርድዲስክ ይዞ መውጣት ምንም አያሳፍርም።

ሰዓቱ ላይ እንጠንቀቅ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይነሳ ስንል፣ ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው ክሮን ላይ የሚጻፈው 2 ነው። ያም ሰርቨሩ በአዲስ አበባ ሰዓት ላይ ከሆነ ነው። ብዙ ሰርቨር ሲጫን ዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ላይ ነው የሚቀመጠው፤ እኛ ከሱ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ዩቲሲ ላይ 2 ብላችሁ ከጻፋችሁ የሚነሳው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት እንዲሆን 23 ነው መጻፍ ያለባችሁ። ታይም-ዴት-ሲቲኤል ብላችሁ አጣሩ። የፋይሉን ስም በፈረንጅ ቀን፣ ዓመት ቀድሞ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን አድርጋችሁ ጻፉት። በቅደም ተከተል ይደረደርላችኋል።

አሁን ባክአፑን በዛቢክስ አስጠብቁ። ትራፐር ዓይነት፣ ማለትም ቁጥር ከውጭ የሚላክለት፣ አይተም ፍጠሩ። ስክሪፕቱ ሲጨርስ የፋይሉን መጠን በዛቢክስ ሴንደር ይላክበት። ሁለት ትሪገር ጨምሩ፤ አንዱ በ26 ሰዓት ውስጥ ምንም ካልመጣ፣ ሁለተኛው መጠኑ ከትናንቱ ግማሽ በታች ከሆነ። ሁለተኛው ቢኖረን ኖሮ የ20 ባይቱ ፋይል በመጀመሪያው ጠዋት ይያዝ ነበር። ዛቢክሱ ራሱ ሲወድቅ ግን የሚናገር የለም። ስለዚህ ባክአፑን የሚቀበለው ማሽን ላይ "ዛሬ ፋይል ደርሷል ወይ?" የሚል ለብቻው የሚሠራ ትንሽ ስክሪፕት ይኑር።

## ደረጃ 7፦ መልሶ ማንሳትን መለማመድ

በሦስት ወር አንዴ አድርጉት። ቀኑን ካላንደር ላይ አስገቡ።

ባዶ ቨርችዋል ማሽን አዘጋጁ። ያንኑ ፖስትግሬስ፣ ያንኑ ዛቢክስ ጫኑበት። የዛቢክስ ሰርቨር ሰርቪሱን ግን አታስነሱ። ከተነሳ ከባክአፑ ባገኘው መረጃ መሣሪያዎቹን መጠየቅ ይጀምራል፤ መልስ ሲያጣ ለሰው ሁሉ በኢሜይልና በቴሌግራም "ሁሉም ወድቋል" እያለ ይልካል። እሑድ ሌሊት የደነገጠ አለቃ ይደውልላችኋል። ማሽኑ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ኔትወርኩን ዝጉ።

ከዚያ የግሎባልስ ፋይሉን አስገቡ። ባዶ ዳታቤዝ ፍጠሩ። ፒጂ-ሪስቶርን በአራት ጆብ አሂዱት፤ ጎን ለጎን ስለሚሠራ ይፈጥናል። ታይምስኬል ካለበት ግን የጆብ አማራጩን አትጠቀሙ፤ ከመጀመራችሁ በፊት ፕሪ-ሪስቶር፣ ስትጨርሱ ፖስት-ሪስቶር የሚሉትን የታይምስኬል ፈንክሽኖች ጥሩ። የታይምስኬሉ ስሪትም ያው መሆን አለበት።

ሲያልቅ ሆስትስ የሚለውን ሠንጠረዥ ቁጠሩ። ከዋናው ጋር ይቀራረባል? ከኢቨንትስ ውስጥ የመጨረሻውን ሰዓት እዩ። የትናንት ሌሊት ነው? ከዚያ የዌብ ገጹን ብቻ አስነሱና ግቡ። የምታውቁትን አንድ ሆስት ክፈቱ፤ ባለፈው ሳምንት የቀየራችሁት ትሪገር አለ ወይ? ከፋይሉ መክፈቻ እስከዚህች ደቂቃ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጻፉ። አለቃ "መቼ ይመለሳል?" ሲል የምትመልሱት ቁጥር እሱ ነው።

የመጀመሪያው ልምምድ አይሳካ ይሆናል። አንድ ፓስወርድ ይጎድላል፣ አንድ ስክሪፕት ይረሳል። የጎደለውን ወደ ደረጃ 5 መልሱና ስክሪፕቱ ላይ ጨምሩት።

## ደረጃ 8፦ ስሪት ከመቀየራችሁ በፊት

ዛቢክስ ወደ አዲስ ዋና ስሪት ሲሻሻል፣ አዲሱ ሰርቨር ገና ሲነሳ ዳታቤዙን በራሱ ይለውጠዋል። ፈቃድ አይጠይቅም። የኋሊት መንገድም የለውም። አሮጌው ስሪት የተለወጠውን ዳታቤዝ አይቀበለውም።

ስለዚህ በዚያ ቀን የሌሊቱን ባክአፕ አትመኑ። ሰርቨሩን አቁሙ፣ አዲስ ባክአፕ አንሱ፣ በፒጂ-ሪስቶር ሊስት እዩት፣ ከዚያ ፓኬጁን ቀይሩ። ሰርቨሩ ሲነሳ ሎጉን ክፍት አድርጉ፤ የለውጡን ሂደት በፐርሰንት ይጽፋል። መሃል ላይ የቆመ ቢመስላችሁ አትግደሉት፤ ትልቅ ሠንጠረዥ ላይ ደርሶ ይሆናል። የአሮጌውን ስሪት ፓኬጆች አዲሱ አንድ ሳምንት በሰላም እስኪሠራ ድረስ ከባክአፑ ጎን አስቀምጧቸው።